ፒጂዲኤስኤል፣ ማስተርስ ወይስ ተሙማ? ርዕሰ መምህር ለሆናችሁና ልትሆኑ ለምታስቡ

እኔ የተሾምኩት አርብ ከሰአት ነው። ሰኞ ጠዋት የቁልፍ ጥቅል ተረከብኩ፣ ማክሰኞ ደግሞ ንብረት ክፍል ያሉት እትዬ ሁለት ወረቀት ይዘው መጥተው «ዳይሬክተር እዚች ላይ ይፈርሙልኝ» አሉኝ፣ አንዱ ሞዴል 19 ነው አንዱ ሞዴል 22። ዘጠኝ አመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ኳድራቲክ እኩልታ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁኝ እሰራለሁ፣ ግን የቱ ንብረት ሲገባ የቱ ሲወጣ እንደሚሞላ አላውቅም ነበር። ፈረምኩ። ሴትየዋ ንፁህ ሰው ሆነው ነው እንጂ በዛች ፊርማ ብቻ ኦዲተር ፊት ቆሜ ላቤን እጠርግ ነበር።

ይሄን የማወራው ለጨዋታ አይደለም። እኛ አገር አብዛኛው ርዕሰ መምህር መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ስልጠናው ከኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴ አመት ቆይቶ አንዳንዴ አራት አመት ቆይቶ። ስለዚ በየአመቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ የሚደውሉልኝ ልጆች ጥያቄያቸው አንድ አይነት ነው፣ «ፒጂዲኤስኤል (በትምህርት ቤት አመራር የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ) ልግባ ወይስ በቀጥታ ማስተርሱን ልያዘው?» ይሉኛል። አንዳንዱ ደግሞ «ተሙማው (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያው) አይበቃም ወይ?» ይላል። መልሱ ለሁሉም አንድ ቢሆን ኖሮ በአንድ መስመር ጽፌ እገላገል ነበር ግን አይደለም፣ ማን እንደሚከፍልላችሁ፣ ወንበሩ ላይ ናችሁ ወይስ ገና እያያችሁት ነው፣ ከአምስት አመት በኋላ የት መሆን ትፈልጋላችሁ፣ ክረምቱንስ ማን ጋ ታሳልፉታላችሁ የሚሉት ናቸው የሚወስኑት።

መጀመሪያ ግዴታውን ከምርጫው እንለይ

ብዙ ሰው የሚደባልቀው ነገር አለ። ተሙማ ምርጫ አይደለም፣ መምህሩም አመራሩም በአመት 60 ሰአት ይጠበቅበታል፣ ፒጂዲኤስኤል ያለውም ማስተርስ ያለውም አያመልጥም። «እኔ ማስተርስ አለኝ ተሙማ ምን ያደርግልኛል» የሚል ር/መምህር አውቃለሁ፣ መምህራኑ ይሄን ሰምተው እነሱም ፋይላቸውን ዘጉ፣ በቃ።

የሙያ ፈቃድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የርዕሰ መምህራን ሙያ ደረጃ የሚባለውን ሰነድ በ2006 አካባቢ ካወጣ ወዲህ አንድ ር/መምህር ምን ማወቅና መስራት እንዳለበት በወረቀት ተቀምጧል፣ በአጭሩ ሶስት ዘርፍ ነው፣ አንደኛው የት/ቤቱ ራእይና ከማህበረሰቡ ጋር ያለ ግንኙነት፣ ሁለተኛው መማር ማስተማሩን መምራት፣ ሶስተኛው አስተዳደሩ ማለት ሀብት፣ ንብረት፣ ሰው። የፈቃድ ምዘናው ከዚህ ሰነድ ነው የሚወጣው። ዲግሪ ስለያዛችሁ ፈቃድ አገኛችሁ ማለት አይደለም፣ ፈቃድ አገኛችሁ ማለትም ማስተርስ አያስፈልጋችሁም ማለት አይደለም፣ ሁለቱ የተለያየ በር ናቸው። ሰነዱን ግን አንብቡት፣ እኔ ያነበብኩት በተሾምኩ በሶስተኛው አመት ነው፣ ያውም ለውድድር ስዘጋጅ።

የትምህርት ደረጃን በተመለከተ አቅጣጫው ግልፅ ነው፣ ለአንደኛ ደረጃ አመራር የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማስተርስ ነው የሚፈለገው። መሬት ላይ ያለው ሁሌ እንደዛ አይደለም፣ ያው ታውቁታላችሁ፣ ግን ማስታወቂያ ሲወጣና ተወዳዳሪ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይሄ መስፈርት ነው።

ፒጂዲኤስኤል፣ ወንበሩ ላይ ላለ ሰው

ፕሮግራሙ ከተጀመረ ከአስር አመት በላይ ሆኖታል፣ ዩኒቨርሲቲዎች በክረምት ነው በዋናነት የሚሰጡት፣ ሰልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ በክልሉ ወይ በወረዳው ተመልምሎ የሚላክ ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከፒጂዲቲ ጋር አታምታቱት። ፒጂዲቲ በአፕላይድ (በመምህርነት ባልሆነ ዘርፍ) ተመርቆ ወደ ማስተማር ለሚገባ ሰው የሚሰጥ የማስተማር ስነ ዘዴ ነው፣ አንድ ጓደኛችን «እኔ እኮ ወስጃለሁ» እያለ ሁለት አመት ከምልመላ ቀርቷል፣ የወሰደው ፒጂዲቲ ነበር።

ጥሩ ጎኑ ምንድነው፣ የምትማሩት ነገር የሰኞ ስራችሁ ነው። ክላስ ኦብዘርቬሽን እንዴት እንደሚደረግ፣ መምህር ስታዩ ምን እንደምትፅፉና ከዛ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ምን እንደምታወሩ፣ የት/ቤት ማሻሻያ እቅድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ወመተህን (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረትን) እንዴት እንደምታሳትፉ። አሳይመንቱ የራሳችሁን ት/ቤት ነው የሚጠይቀው። እኔ ለአንዱ ኮርስ የሰራሁት የመምህራን መቅረት ትንተና እስከዛሬ ፋይል ውስጥ አለ፣ ሰኞና አርብ እንደሚብስ ሁላችንም እናውቅ ነበር ግን በሶስተኛው ፔሬድ እንደሚብስ ማንም አላየውም ነበር፣ ምክንያቱ ደግሞ ከእረፍት በኋላ መሆኑ ነው፣ ሻይ ቤቱ ከግቢ ውጪ ነበር። ሻይ ግቢ ውስጥ እንዲፈላ ተደረገ። ይሄ ነው እንግዲህ ለኔ ኢንስትራክሽናል ሊደርሺፕ (መማር ማስተማሩን መምራት) የሚባለው።

ሌላው ጥቅሙ አብረዋችሁ የሚማሩት ሰዎች ናቸው። ዶርም ውስጥ ስምንት ር/መምህር ቁጭ ብሎ ማታ የሚያወራው ከቀኑ ሌክቸር ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። አንዱ የውሃ ቧንቧ ከቀበሌ እንዴት እንዳስገባ ያወራል፣ አንዱ ስካር ያለበትን ጥበቃ እንዴት እንደያዘ፣ አንዷ ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚያቋርጡ ሴት ልጆችን ቤት ለቤት ሄዳ እንዴት እንደመለሰች። ስልክ ቁጥራቸውን ይዤ ነው የወጣሁት እስካሁንም እንደዋወላለን።

አሁን ወደ መጥፎው። ክረምት ለመምህር እረፍት ነው፣ ለር/መምህር ግን አይደለም። ሐምሌ የፈተናና የሰርተፊኬት ጣጣ፣ ነሐሴ ምዝገባ፣ የመጽሐፍ ቆጠራ፣ የዴስክ ጥገና፣ አመታዊ እቅድ፣ ሁሉም እዛው ነው የሚወድቀው። ፕሮግራሙ ለመምህር በሚመች ሰአት የተሰራ ነው የሚመስለኝ። አንዴ ክፍል ውስጥ ስለ «ውጤታማ የጊዜ አጠቃቀም» ሌክቸር እየሰማን ከአርባ ሰው ሰላሳው ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደር ይወጣ ነበር፣ ሁሉም ስለ ምዝገባ ነው የሚደወልለት። ስለዚ ከመሄዳችሁ በፊት ምክትላችሁን በደብዳቤ ወክሉ፣ በቃል አይደለም በደብዳቤ፣ ማህተምና ቼክ ማን ጋ እንደሚሆንም ይፃፍ።

ሁለተኛው ችግር ዲፕሎማ ዲፕሎማ ነው፣ ማስተርስ አይደለም። የወሰዳችሁት ኮርስ በኋላ ማስተርስ ስትገቡ ይቆጠርልኛል ብላችሁ እንዳትገቡ፣ ይቆጠራል ካሏችሁ ከዩኒቨርሲቲው በፅሁፍ አምጡ። የአስተማሪው ነገር ደግሞ እንደ እድላችሁ ነው፣ አንዳንዱ ት/ቤት መርቶ የሚያውቅ ሰው ነው ከልቡ ያወራችኋል፣ አንዳንዱ ግን ሞጁሉን ከፍቶ ያነባል እናንተም አብራችሁ ታነባላችሁ። እኔ ባለፍኩበት አንድ ኮርስ ሃንድአውቱ የመጣው ፈተናው ሊደርስ ሶስት ቀን ሲቀረው ነው።

ማስተርስ፣ ግን የቱ ማስተርስ?

«ማስተርስ ልማር» ማለት ብቻውን ምንም አይናገርም። ቢያንስ ሶስት የተለያየ መንገድ አለ። አንደኛው የትምህርት እቅድና አስተዳደር የሚባለው የቆየው ዘርፍ ነው፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ባህር ዳር ላይ ስር የሰደደ ነው፣ ወደ ወረዳና ዞን የሚያይ፣ በጀት፣ ስታቲስቲክስ፣ ፖሊሲ የሚበዛበት። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ላይ ያተኮረው የአመራር ማስተርስ ነው፣ ስሙ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ሶስተኛው በራሳችሁ ሰብጀክት መቀጠል ነው፣ ሒሳብ ከሆነ ሒሳብ፣ ባዮሎጂ ከሆነ ባዮሎጂ።

ይሄን ሶስተኛውን ሰው ይንቀዋል ግን እኔ አልንቀውም። ምክንያቱም ር/መምህርነት ሹመት ነው፣ ሹመት ደግሞ ይነሳል። የወረዳው ሃላፊ ሲቀየር፣ አዲስ የውድድር መመሪያ ሲመጣ፣ ወይ አንድ የኢንስፔክሽን (የት/ቤት ደረጃ ምዘና) ውጤት ሲበላሽ ወደ ክፍል ልትመለሱ ትችላላችሁ። ያኔ በአመራር የያዛችሁት ማስተርስ ለመምህርነት ደረጃችሁና ለደሞዛችሁ «አግባብነት አለው ወይ» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ስለዚ ከመመዝገባችሁ በፊት የሰው ሃብት ቢሮ ሂዱና «ከሃላፊነት ብነሳ ይሄ ዲግሪ ይያዝልኛል ወይ» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በፅሁፍ ከሰጧችሁ ጥሩ፣ ካልሰጧችሁ እሱም ራሱ መልስ ነው። የማውቀው ሰው በአመራር ማስተርሱን ይዞ በሁለተኛው አመት ከቦታው ተነሳ፣ አሁን ፊዚክስ ነው የሚያስተምረው፣ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

መግቢያው ከ2016 ወዲህ ተቀይሯል፣ አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና (ሰዉ ጋት የሚለው) ማለፍ ግድ ነው። እንግሊዝኛና ሒሳባዊ አስተሳሰብ ነው የሚበዛበት፣ ለሰብጀክት መምህር ብዙ አይከብድም፣ ከአስር አመት በፊት ተመርቆ ወደ ቢሮ ለገባ ሰው ግን ይከብዳል። ሁለት ወር ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱበት፣ «ልምድ አለኝ» ብሎ የገባ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ሆኗል፣ ክፍያውን ከድሮው ጋር እያወዳደራችሁ አትሂዱ፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ኮተቤም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ከተለየ ወዲህ አዲስ አበባ ዙሪያ ላለ ሰው አንዱ አማራጭ ነው፣ በኤክስቴንሽን ከስራ ጋር የሚሄድ ካገኛችሁ።

የግል ኮሌጅ ለምታስቡ አንድ ነገር ብቻ፣ እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለፕሮግራሙና ለካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ካምፓስ እውቅና አለው ማለት እናንተ ከተማ የተከፈተው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ጋ አጣሩ፣ ሬጂስትራሯ ግድግዳ ላይ ያሳየቻችሁን ፎቶኮፒ አትመኑ።

ከዛ ተሲስ ይመጣል። ኮርሱ በአንድ አመት ያልቃል፣ ተሲሱ ግን ሰውን ለአመታት ያስቀምጣል። አድቫይዘሩ ስልክ አያነሳም፣ እናንተም ት/ቤት ውስጥ ሰላም የላችሁም፣ ዳታ ለመሰብሰብ የሄዳችሁበት ት/ቤት ር/መምህር ደግሞ እንደናንተው ስብሰባ ላይ ነው። ርእሱ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁላችንም «የእገሌ ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የማስተማር አመራር ትግበራና ተግዳሮቶች» ነው የምንለው፣ ወረዳው ብቻ ነው የሚቀየረው። የራሳችሁን ት/ቤት አንድ ጥያቄ ያዙ። ለምሳሌ ሰባተኛ ክፍል ገብተው ማንበብ የማይችሉ ልጆች ከየትኛው መጋቢ ት/ቤት ነው የሚመጡት፣ ይሄ ጥያቄ ዲፌንስ ላይም ያምራል ስራችሁንም ይረዳል። ኮፒ ቤት በር ላይ «ተሲስ እንሰራለን» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ፣ እሱን ያሰራ ሰው ሲወዳደር ኢንተርቪው ላይ ስለራሱ ወረቀት ተጠይቆ ሲንተባተብ ተቀምጬ አይቻለሁ፣ እኔ አፈርኩለት።

ማስተርስ የሚያዋጣው ማንን ነው? ወደ ሁለተኛ ደረጃ መግባት የሚፈልገውን፣ ወደ ወረዳ ወይ ክፍለ ከተማ ባለሙያነት፣ ሱፐርቫይዘርነት፣ የመምህራን ኮሌጅ አስተማሪነት የሚያየውን። ት/ቤቱን ብቻ በደንብ መምራት የሚፈልግ ሰው ግን ሁለት አመት ሬጉላር ሄዶ ከሚመጣ፣ እዛው ሆኖ ቢማር ት/ቤቱም እሱም ይጠቀማሉ ባይ ነኝ።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች፣ እዛ አስተማሪ ነች። ፕሪንሲፓል መሆን አስባ ስትነግረኝ ቅደም ተከተሉ ገረመኝ። መጀመሪያ ማስተርስ፣ ሶስት አመት ልምድ፣ እውቅና ያለው የዝግጅት ፕሮግራም፣ ቢያንስ 320 ሰአት በሰው ስር ሆኖ ኢንተርንሺፕ፣ ከዛ የአመራሮች የፈቃድ ፈተና። ይሄን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው ለወንበሩ የምታመለክተው። እኔ ደግሞ ወንበሩን ይዤ ነው ይሄን ሁሉ የምፈልገው። «ታድለሻል» ስላት «አንተ ነህ እንጂ የታደልከው፣ እኔ ከኪሴ እየከፈልኩ ነው» አለችኝ። 320 ሰአቱ ግን ያስቀናል፣ ገና ሳይፈርም ሌላ ሰው ሲፈርም ማየት ማለት ነው። እኛ ጋ እሱን የሚተካው ምክትልነት ነው፣ ስለዚ ገና መምህር የሆናችሁ ልጆች፣ ምክትልነት ወይ ዩኒት ሊደርነት ሲመጣ ስራው ይበዛል ብላችሁ አትሽሹ።

ተሙማ፣ ሁሉም የሚስቅበት

60 ሰአት። በወረቀት እቅድ ይወጣል፣ ይሰራል ይባላል፣ ይገመገማል፣ ፖርትፎሊዮ ይደረጋል፣ ሰኔ ላይ ማህተም ይመታል። ብዙ ቦታ መምህሩ ያምናውን ፋይል አመተ ምህረቱን ቀይሮ ነው የሚያመጣው፣ ር/መምህሩም ያውቃል፣ ሱፐርቫይዘሩም ያውቃል። ስለዚ ሰው ተሙማን ከስልጠና ሳይቆጥረው ቢቀር አልፈርድም።

ግን እዚህ ጋ ነው የኔ አቋም ከሌላው የሚለየው። ከሶስቱ አማራጮች ብር የማይፈልገው፣ ስፖንሰር የማይጠብቀው፣ ክረምት የማይበላው ይሄ ብቻ ነው። የሚበላሸው ርእሱ ከላይ ሲታደል ነው፣ «ዘንድሮ ሁሉም ሰው በተከታታይ ምዘና ላይ ይሰራል» ሲባል። ከታች ቢመጣ ይሰራል። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። የኢንስፔክሽን ሪፖርታችንን አወጣን፣ 26 ስታንዳርድ አለ አይደል፣ ግብአት፣ ሂደት፣ ውጤት ተብሎ የተከፈለው። እኛ ደረጃ 2 ነበርን፣ ማለትም ከ50 በመቶ በላይ ሆኖ 70 ያልደረሰ። ግብአቱን ተውነው፣ ላብራቶሪ በተሙማ አይገነባም። ሂደት ላይ ዝቅ ያለችውን አንዷን መረጥን፣ የመምህራን ግብረ መልስ ለተማሪ። አመቱን ሙሉ እሷን ብቻ። እኔ ራሴ ደብተር እየሰበሰብኩ አየሁ፣ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብዬ ምን እንደፃፈ አየን። መጀመሪያ «ጎበዝ» እና «አሻሽል» ብቻ ነበር የምናገኘው፣ የካቲት አካባቢ ሙሉ አረፍተ ነገር ማየት ጀመርን። ሰአቱን ቆጥሬ 60 እንዳለፈ ያወቅኩት ሚያዝያ ላይ ነው።

ከዛ ይበልጥ ደግሞ ክላስተሩ። ጉድኝት ማዕከል (በአንድ ክላስተር የተሰባሰቡ ጎረቤት ት/ቤቶች) ውስጥ ያለን አምስት ር/መምህራን በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ አንድ ት/ቤት እንገባ ነበር፣ ለስብሰባ ሳይሆን ለማየት። ሰልፍ ላይ ቆመን፣ ሁለት ክፍል ገብተን፣ መፀዳጃ ቤቱን አይተን (እሱን ሳያዩ የሚወጡ ጎብኚዎች አይመቹኝም)፣ ስኩል ግራንት (ለት/ቤቱ የሚሰጠው የድጎማ ብር) ምን ላይ እንደዋለ ጠይቀን፣ ከዛ ለባለቤቱ አንድ ጥሩ አንድ መጥፎ ነገር ነግረነው እንወጣለን። እኔን የነገሩኝ መጥፎ ነገር ቢሮዬ በር ላይ ሁሌ ወላጅ ቆሞ እንደሚጠብቅና እኔ ግን ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እንደምቀመጥ ነው። ጠረጴዛውን አዞርኩት። ፒጂዲኤስኤል ላይም ማስተርስ ላይም ይሄን የነገረኝ የለም።

አጫጭር ስልጠናዎች

እነዚህን ቶሎ ልለፋቸው። በ2016 ክረምት ትምህርት ሚኒስቴር መምህራንንና የት/ቤት አመራሮችን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ እንዳሰለጠነው አይነት ሲመጣ ስማችሁ ካለ ሂዱ፣ መጨረሻ ላይ ፈተና ስላለው እንደድሮው አበል ተቀብሎ መምጣት ቀርቷል። የኤንጂኦ ስልጠና ሲሆን ርእሱን እዩ፣ ከአንድ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ (ንፅህና፣ ልዩ ፍላጎት፣ ማንበብ) ጥሩ ነው፣ «ሊደርሺፕ» ብቻ ከተባለ ለሶስት ቀን ሆቴል ውስጥ ፍሊፕ ቻርት ላይ ራእይ ስትፅፉ ነው የምትውሉት። ዩኔስኮ በአፍሪካ አቅም ግንባታ ላይ የሚሰራው ተቋሙ መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ አልፎ አልፎ በኦንላይን የሚያወጣውን ተከታተሉ፣ ኔትወርክ ካላችሁ። ኦንላይን ኮርስ ለማወቅ ነው እንጂ ለውድድር ነጥብ አያመጣም፣ ሰርተፊኬቱን ፕሪንት አድርጋችሁ ኮሚቴ ፊት ብታቀርቡ ማንም አያየውም።

እንግዲህ እናንተ የት ናችሁ?

ገጠር አንደኛ ደረጃ ላይ ያላችሁ፣ ዲግሪ ይዛችሁ ሁለት ሶስት አመት የመራችሁ ከሆነ፣ ወረዳው ፒጂዲኤስኤል ኮታ ሲያመጣ አትለፉት። ነፃ ነው፣ ለስራችሁ ቅርብ ነው፣ ፈቃዱ ላይ የሚጠየቀውንም ብዙውን ይነካል። ማስተርሱን ከዛ በኋላ አስቡበት።

ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ምክትል ሆናችሁ ዋናውን ቦታ የምታዩ ከሆነ በቀጥታ ማስተርስ ግቡ፣ ኤክስቴንሽን፣ ት/ቤት ላይ ያተኮረውን። ዲፕሎማው ጊዜያችሁን ይበላል፣ መስፈርቱን ደግሞ አያሟላላችሁም። ለፒጂዲኤስኤል የዘመርኩት ሰው ይሄን ማለቴ ይገርማችሁ ይሆናል ግን ማስታወቂያው ማስተርስ ካለ ማስተርስ ነው።

ገና መምህር ሆናችሁ ር/መምህርነት የምታልሙ ደግሞ በሰብጀክታችሁ ቀጥሉ፣ ጎን ለጎን ዲፓርትመንት ሄድ ሁኑ፣ የት/ቤት ማሻሻያ ኮሚቴ ውስጥ ግቡ። ማንም ሳይሾማችሁ አመራር ተምራችሁ መጥታችሁ ሹሙኝ ብትሉ የሚሰማችሁ ጥቂት ነው፣ ሾሞ የሚያስተምር ይበዛል።

ጡረታ አስር አመት የቀራችሁ፣ ት/ቤታችሁን የምትወዱ፣ የትም መሄድ የማትፈልጉ፣ እናንተ ክላስተሩን ያዙ። እውነቴን ነው። ለናንተ ሁለት አመት ተሲስ ቅጣት ነው።

ህፃን ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ እኛ ባች ውስጥ የስድስት ወር ልጅ ከነሞግዚት ይዛ የመጣች ር/መምህርት ነበረች፣ ዶርም ከልክለዋት ውጪ ተከራይታ ነው የጨረሰችው፣ ወጪው ከአበሏ በላይ ነበር። ስለዚ ዩኒቨርሲቲው ለእናቶች ማረፊያ አለው ወይ ብላችሁ ቀድማችሁ ደውሉ፣ ከሌለው ቤታችሁ አጠገብ ያለውን ኤክስቴንሽን ምረጡ፣ ስሙ ትንሽ ቢሆንም።

ሳትፈርሙ

ስፖንሰርሺፕ ካለ ውል አለ፣ ውሉ ላይ ስንት አመት ግዴታ እንዳለባችሁ አንብቡ፣ ብታቋርጡ ምን እንደምትከፍሉም። ትምህርት ላይ እያላችሁ ከሹመት ብትነሱ ክፍያው ይቀጥላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ይሄን ማንም አይጠይቅም፣ እኔም አልጠየቅኩም ነበር፣ በሁለተኛው ክረምት ሃላፊ ሲቀየር ስሜ ከዝርዝር ወጥቶ ሶስት ሳምንት ደጅ ጠንቼ ነው የተመለስኩት። የሃላፊነት አበላችሁ ክረምት ላይ ይቋረጣል ወይ፣ እሱንም ጠይቁ።

የድጋፍ ደብዳቤ፣ የስራ ልምድ፣ የሶስት ጊዜ የስራ አፈፃፀም፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ እነዚህን ግንቦት ሳያልቅ አዘጋጁ። ትራንስክሪፕቱ ከተመረቃችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ስለሚላክ ጊዜ ይወስዳል፣ የወጪ መጋራት ካልከፈላችሁ ደግሞ አይለቁላችሁም። ሰኔ ከገባ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ፣ ወረዳው ውስጥ ፊርማ የሚፈርም ሰው አታገኙም፣ እናንተም ብትሆኑ ፈተና ጣቢያ ናችሁ።